በጠብታ የማይለቅ

ጥቅምት 4

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለማንም ብዬ አይደለም። በመደብሬ ውስጥ የሚደረገውን ነገር አንድ ሰው መመዝገብ ስላለበት ነው። መካነ ሰላም ላይ ሃያ ሁለት ዓመት መድኃኒት ስሸጥ መደርደሪያዬን ያለ ፈቃዴ የነካ ሰው አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ስገባ ትህትና ጣሳዎቹን ሁሉ አዛውራቸዋለች። የደም ግፊቱ ከላይ፣ የአስሙ ወደ በሩ፣ የስኳሩ ደግሞ ለብቻው ጥግ ላይ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«እንዳይቀላቀሉ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

እንዳይቀላቀሉ። እሷ ፊደል ሳትቆጥር ጀምሮ ሳይቀላቀሉ የኖሩትን።

ትህትና እኔ ጋ ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ ነው። ፋርማሲስት ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው። የከላላ ልጅ ናት። ዲግሪዋን ግድግዳው ላይ ከእኔ የድራጊስት ምስክር ወረቀት ጎን ሰቅላዋለች፤ የሷ ይበልጣል፣ ወረቀቱን ማለቴ ነው። ሥራ አትፈራም፣ ይህን አልክድም። ግን ዝም ብላ ታየኛለች። ሰው የሚናገረው ቢኖረው ይናገራል እንጂ እንዲህ አይመለከትም።

ጣሳዎቹን ወደ ድሮ ቦታቸው መለስኳቸው።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር፦ የማንበቢያ መነጽሬን ተውኩት። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ መዝሙረ ዳዊቴን ወደ ፊቴ ጠጋ አድርጌ ያለ መነጽር አነባለሁ። ዓይን በዕድሜ ይደክማል የሚሉ ይምጡና ይዩኝ።

ጥቅምት 9

ፀሐይ። ከበሩ ፊት ለፊት መቀመጥ አልቻልኩም። የመንገዱ አቧራ ራሱ ያንጸባርቃል። ወንበሬን አዙሬ ጀርባዬን ለበሩ ሰጠሁ። አሁን ደግሞ ሰው ከኋላዬ እየመጣ ያስደነግጠኛል።

ከማዶ ያለው የአሕመድኑር መድኃኒት ቤት ሰሌዳው ደብዝዟል። ርካሽ ቀለም። ሳገኘው ነገርኩት። «እትዬ፣ ያስቀባሁት እኮ ባለፈው ወር ነው» አለኝ። ሳቀ መሰለኝ። ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበር።

ጥቅምት 15

ከከላላ በኩል አንድ ሰው እናቱን በበቅሎ ይዞ መጣ። «ለሞራ የሚሆን ጠብታ ስጭኝ» አለኝ። የሴትዮዋ የቀኝ ዓይን ብሌን እንደ እርጎ ነጥቷል። ይሄ እንኳን ለእኔ ለማንም ይታያል።

አስረዳሁት። ይህን ነገር ሳስረዳ ማንም አይደርስብኝም፤ አሥራ አምስት ዓመት ብዬዋለሁ። «ከዓይን ጥቁሩ ክብ ኋላ እንደ ጠራ መስታወት ያለ ሌንስ አለ። ብርሃን የሚገባው በእሱ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይደፈርሳል። እንቁላል ከተቀቀለ በኋላ ነጩ ተመልሶ እንደማይጠራ ሁሉ ይሄም አይመለስም። ጠብታ አያሟሟውም፤ ቅጠል አይገፈውም። ያለው መላ አንድ ነው። ሐኪም የደፈረሰውን አውጥቶ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።»

«ገና አልበሰለም፣ ይቆይ ብለውኝ ነበር» አለ።

«ኮክ ነው እንዴ የሚበስለው?» አልኩት። «ማነው ይቆይ ያለህ? ሲቆይ ዓይኑን ጭምር ይዞት ይሄዳል። ነገ ዛሬ ሳትል ሆስፒታል ውሰዳት።»

ጮህኩበት መሰለኝ። እናትየው ደነገጠች። ሰውዬው ጋቢውን አስተካክሎ አመሰገነኝና ወጣ። ትህትና እነሱ ከወጡም በኋላ ፊቷን ከእኔ አላዞረችም። ምን እንደምታይ አላውቅም።

ወደ ቤት ስሄድ አንድ ብልቃጥ የዓይን ጠብታ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለአቧራው ነው።

ጥቅምት 23

ሰው ኮራች እያለ ነው። ሰላም ስንላት አትመልስም፣ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች ይላሉ። ማን አለ? ዳቦ ቤቱ ጋ ቆሜ በጆሮዬ ሰማሁ፤ አሕመድኑር ነው። «እትዬ ድንቅነሽ ድሮም ሰው የምትለየው በማዘዣው ነበር፤ አሁን ደግሞ በድምፁ ሆኗል» ይላል። ከጎኑ ያለው ሳቀ። ዳቦዬን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ባጃጆቹ ደግሞ አሁን ምን ዓይነት መብራት እንደሚያስገጥሙ። እያንዳንዱ መብራት ቀለበት ያወጣል። አንዱ ሁለት ይሆናል። ትራፊክ ፖሊስ የት ነው ያለው?

ነጠላዬም አልነጻ ብሎኛል። አጣቢዋን ሰደብኳት። አለቀሰች። ቢጫ ሆኗል ብላት አይደለም ብላ ልትምልልኝ።

ጥቅምት 29

ትህትና አዲስ ነገር አመጣች። ባዶ የክኒን ከረጢቶችን አስቀድማ የመድኃኒቱን ስምና አወሳሰዱን ጽፋባቸው በየዓይነቱ በጎማ እያሰረች ከጣሳዎቹ ፊት ደርድራለች። «ሰው ሲበዛ እንዳይቸግርዎት» አለች። የእኔ ጽሑፍ አይነበብም ማለቷ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ያነበበውን።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ዓይንዎን ለምን አይታዩም? የእኔ አባት እንዲህ እያለ ነው የጀመረው» አለችኝ።

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

ከረጢቶቹን በጎማ ማሰሯን ቀጠለች።

«ትህትና፣ ዓይኔ ምን ሆነ ነው የምልሽ?»

«ምንም። አጠፋሁ» አለች።

«እንግዲያው አባትሽን እዚያው ከላላ ተዪው። እዚህ ሥራ ካልጣመሽ መንገዱ ክፍት ነው።»

ጠብታው ትንሽ ያቃጥላል። ማቃጠሉ መሥራቱ ይሆናል።

ኅዳር 3

ገበያ። ሰው እንደ ንብ። መንገድ ተዘግቶ ሰንብቶ ዛሬ መኪና ከደሴ ገባ፤ ዕቃ ማራገፍ። ትህትና ምሳ። ብቻዬን። የሼህ ጀማሉዲን ሚስት፣ ኑርጃን፣ አስሟ ተነስቶባት። በየጠዋቱ ስምንት ስምንት፣ አምስት ቀን። አርባ ክኒን ቆጠርኩ። ሌላው ተስቦ፣ ሌላው ወገብ። አንዱ ሕፃን ያለቅሳል። በሩ ላይ ያለው ብርሃን ራሴን አዞረው።

ኅዳር 5

ሼህ ጀማሉዲን ከመስጊዱ ጀርባ ቁርአን የሚያስቀሩት ናቸው። የከተማው ልጅ ግማሹ በሳቸው እጅ አልፏል። ሚስታቸው ኑርጃን ትናንት ጠዋት ክኒኗን ውጣ ረፋድ ላይ ወደቀች። ላብ አጠመቃት፣ ተንቀጠቀጠች፣ አንደበቷ ተያያዘ። ሼሁ አስሙ መስሏቸው ነበር። ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት። ደሟ ውስጥ ስኳር የለም ማለት ይቻላል አሉ። ግሉኮስ ሰጧት፤ ነቃች፤ መልሶ ጣላት፤ አሁንም በግሉኮስ ነው ያለችው። ሐኪሙ ከረጢቱን ሲያይ ላዩ ላይ የተጻፈው ፕሬድኒሶሎን ነው፣ የአስሙ። ውስጡ ያለው ግን ግሊቤንክላማይድ ነው፣ የስኳር በሽተኛ የሚወስደው። የስኳር በሽታ የሌለበት ሰው ስምንቱን ባንዴ ከዋጠ ይገድላል።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከአሕመድኑር ነው። መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ ነገረኝ። ዛሬ በድምፁ ውስጥ ሳቅ አልነበረም።

ሁለቱም ነጭ ናቸው። ሁለቱም ትንንሽ። ማንም ሊሳሳት ይችላል። በተለይ ልጅ።

ኅዳር 6

ከጤና ጽሕፈት ቤት አስጠሩን። ቢሮው ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ፊት ለፊቴ። ኃላፊው ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይህ የማን ጽሕፈት ነው?» አለ።

«የትህትና ነው» አልኩ።

እውነት ነው። የሷ ጽሕፈት ነው። ውሸት አልተናገርኩም።

ትህትና፣ «እኔ ያን ሰዓት ምሳ ወጥቼ ነበር። ከረጢቱን የጻፍኩት አስቀድሜ ነው። እትዬ ያውቃሉ» አለች። ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። እኔ፣ «ሰው ብዙ ነበር፤ ማን ለማን እንደሰጠ በምን ይታወቃል» አልኩ። ይህም ውሸት አይደለም። ሰው ብዙ ነበር።

ጉዳዩ እስኪጣራ የሥራ ፈቃዷን ያዙባት። መደብሩ ስንመለስ ጋዋኗን አውልቃ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ሰላም ይሁኑ» ብላ ወጣች። ዲግሪዋን እንኳ አላወረደችም።

ልጅ ናት። ሌላ ሥራ ታገኛለች። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የት እገባለሁ?

ኅዳር 8

ሼህ ጀማሉዲን መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም። ከብርሃኑ ጋ ስለቆሙ ፊታቸው አልታየኝም፤ ቁመታቸው ብቻ።

«ኑርጃን እንደምን ሆነች?» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተርፋለች። ቤት ገብታለች። የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። ክኒኑን የሰጣት ማነው?»

«ልጅቷ ናት፣ ሼህ። እኔም አዝኛለሁ። አሰናብቻታለሁ።»

«ኑርጃን ግን የሰጠችኝ ትልቋ ናት ትላለች።»

«አስሟ ተነስቶባት፣ ትንፋሽ አጥሯት የመጣች ሰው ምን ታስታውሳለች?»

«የታመመው ደረቷ ነው» አሉ። «ዓይኗ ደህና ነው።»

ይህን ብለው ወጡ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ሰው ቤት መጥቶ እንዲህ መናገር ምን ማለት ነው? ሃያ ዓመት ለደረሳ ተማሪዎቻቸው የእከክ ቅባት በነፃ ስሰጥ ኖሬ።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላሙ ጋ ደረጃ ስቼ በጉልበቴ ወደቅሁ። አንዲት ሴት ልታነሳኝ መጣችና ማን እንደሆንኩ ስታይ እጇን ሰበሰበች። ወይም መሰለኝ። ደረጃውን ያለ ልክ ነው የሠሩት።

የተለኮሰው ጧፍ ሁሉ ጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስላል። ቅዳሴውን ቆሜ ሰማሁ፤ አንድ ቃል ልቤ አልገባም።

ታናሽ እህቴ ዝናሽ ከደጎሎ ደወለች። ወሬው እዚያ ድረስ ደርሷል። «እመጣለሁ» አለች። አትምጪ አልኳት። እንደምትመጣ አውቃለሁ።

ኅዳር 17

ሦስት ሰው ብቻ። ሁለቱ የመጡት መንገድ ሊጠይቁ ነው። ከማዶ ወረፋ አለ።

የአስሙንና የስኳሩን ጣሳ አወረድኩና ወደ በሩ ይዣቸው ሄድኩ። ከየጣሳው አንድ አንድ ክኒን መዳፌ ላይ አደረግኩ። አንዱ መሐሉ ላይ መስመር አለው፣ አንዱ የለውም፤ ይህን የሚያውቀው ጭንቅላቴ ነው። መዳፌን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት፣ ወደ ጥላው አዞርኩት፣ እስከ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ከዚያ አሕመድኑር ከማዶ እያየኝ ይሆናል ብዬ እጄን ጨበጥኩ።

የትኛው ከየትኛው ጣሳ እንደወጣ አላውቅም። ሁለቱንም ጣልኳቸው።

ዛሬ ቶሎ ዘጋሁ።

ኅዳር 24

ዝናሽ መጣች። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ክፍሉ መሐል አቆመችኝና፣ «ቀኝ ዓይንሽን በእጅሽ ሸፍኚ» አለችኝ። «ስንት ጣት ነው?»

«ተዪኝ።»

«ስንት ነው?»

«ሦስት።»

«እጄን አላነሳሁም» አለች።

ከዚያ ጭቅጭቅ ሆነ። እሷ አምና ደሴ ሄዳ ሞራዋን አስገፍፋለች፤ ከዚያ ወዲህ ሐኪም የሆነች ይመስላታል። ትራሴን ስታነጥፍ ደግሞ ብልቃጦቹን አገኘች። አራት ናቸው፤ ሦስቱ ባዶ።

«ለሰው ጠብታ አያሟሟውም እያልሽ ለራስሽ ይሄን ትጨምሪያለሽ?»

«ለአቧራ ነው።»

«ለእማማ ግን ጠብታ እንኳ አልሰጠሻትም» አለች። «ይብሰል ነው ያልሻት።»

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ዛሬ ወጣ።

እንደሚከተለው ነው። እናታችን ሞራ ሲጀምራት እኔ መድኃኒት ቤት ያለኝ፣ የተማርኩት፣ የምታምነኝ ልጇ ነበርኩ። «እማማ፣ ገና ነው፣ ይብሰልና ይሻላል» አልኳት። ያኔ ሁሉም ሰው እንዲህ ይል ነበር። ያስተማሩን ሰዎች እንዲህ ይሉ ነበር። ሁለት ዓመት ጠበቀች። አንድ ሌሊት ዓይኗ ቀልቶ፣ ራሷን ፈልጧት፣ ስታስመልስ አደረች። ሞራው ከልክ በላይ ቆይቶ አብጦ የዓይኗን ግፊት ከፍ አድርጎት ነበር። እኔ የራስ ምታት ክኒን ሰጠኋት። ደሴ ስንደርስ አምስተኛ ቀኗ ነበር፤ የዓይኗ ነርቭ ሞቷል አሉን። ሁለተኛውም በዚያው መንገድ ሄደ። ሞራ ይገፈፋል፤ የሞተ ነርቭ አይነሳም። አራት ዓመት በእጇ ግድግዳ እየዳሰሰች ኖረች። አንድ ቀን እንኳ አንቺ ነሽ አላለችኝም። ብትለኝ ይሻል ነበር።

«እሷ ሳታይ ስለሞተች አንቺም ሳታዪ ልትሞቺ ነው?» አለች ዝናሽ።

«ምን አገናኘው?» አልኳት። ፊቴን አዞርኩ። ምን አገናኘው።

ኅዳር 27

ሆስፒታሉ ውስጥ የሞራ ገፈፋ ዘመቻ ሊደረግ ነው። ሐኪሞች ከሌላ ከተማ ይመጣሉ። ዝናሽ ስሜን አስመዝግባ መጣች። ልትጠይቀኝ አልፈለገችም። እኔም አላሰረዝኩም።

ታኅሣሥ 2

ምርመራ። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ በበትር የሚመሩ፣ በልጅ ትከሻ የሚመሩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ከነሱ ጋር ተቀመጥኩ። አንዱ ሽማግሌ፣ «ባለመድኃኒቷ ድንቅነሽ አይደለሽም እንዴ? ለካ መድኃኒታችሁ ለራሳችሁም አይሆንም» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት። በመሣሪያው ካየችኝ በኋላ፣ «በግራው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ቀኙም ገፍቷል። ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ከጥቅምት» አልኩ።

«ይሄ የሁለት ሦስት ዓመት ነው፣ እናቴ። ቅርቡን ያለ መነጽር ማንበብ ጀምረው ነበር?»

«አዎ።»

«ሞራው ሌንሱን ሲያወፍረው ነው። ሰው ዓይኔ ተሻለው ብሎ ይደሰታል። ከዚያ እሱም ይጠፋል።» እየጻፈች፣ «ሥራዎ ምንድነው?» አለች።

ነገርኳት። እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ መሰለኝ። ከዚያ መጻፏን ቀጠለች።

ታኅሣሥ 6

ትናንት ግራ ዓይኔን ተሠራሁ። ዛሬ መሸፈኛው ተነሳ። በተራ ልጻፈው።

ስኳርና ግፊት ለኩ። ብሌኑ እንዲሰፋ ጠብታ አደረጉ፤ ደግመው ደጋግመው። ከዓይኔ ሥር መርፌ ወጉኝ፤ ያመመኝ እሱ ብቻ ነው። አስተኝተው ፊቴን በጨርቅ ሸፈኑና ዓይኔን ብቻ ከፍተው ተዉት። የማየው ነጭ ብርሃን ነው፤ ውኃ ስር ያለ ፀሐይ ይመስላል። አንድ ነገር ሲገፋ ይሰማኛል፤ ሕመም የለውም። ሐኪሟ፣ «የደፈረሰው ወጣ» አለች። ቆይታም፣ «አሁን አዲሱን ሌንስ ላስገባ ነው፣ እንዳይንቀሳቀሱ» አለች። ለገበሬ ሁሉ አሥራ አምስት ዓመት የተናገርኩት ነገር ነው። በገዛ ዓይኔ ሲደረግ ግን እናቴን አሰብኩ። ይሄን ያህል ብቻ ነበር። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ነገር ነበር።

ዛሬ ጠዋት መሸፈኛው ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት ዝናሽን ነው። አርጅታለች። ከጎናችን የተሠሩት እልል ይላሉ፤ አንዱ የሚስቱን ፊት በሁለት እጁ ይዞ አይለቅም። እኔ እልል አላልኩም። ሐኪሟ መከረችኝ፦ አትሺው፣ ውኃ አታስነኪው፣ ከባድ አታንሺ፣ አታጎንብሺ፣ ስግደትም ቢሆን ይቆይ። ጠብታ በቀን ስድስት ጊዜ፣ እያነሰ ለአንድ ወር። ቀኙ በሚቀጥለው ዙር።

ከዚያ በቀጥታ ወደ መደብሬ ሄድኩ። ዝናሽ ወደ ቤት እንሂድ ብትልም።

ጣሳዎቹን በግራ ዓይኔ አየኋቸው። የስኳሩ ጣሳ ዙሪያውን በቀይ ፕላስተር ተጠምጥሟል፤ ላዩ ላይ በማርከር፣ አውራ ጣቴን በሚያህል ፊደል፣ «ስኳር» ተብሎ ተጽፏል። የአስሙ በሰማያዊ። የግፊቱ በአረንጓዴ። ሁሉም። እያንዳንዱ። መቼ እንዳደረገችው አላውቅም። ሁለት ወር ሙሉ ፊቴ ነበሩ፤ በእጄ ይዣቸው እንኳ አላየኋቸውም። እኔ ነኝ ከለየችበት አንስቼ የአስሙንና የስኳሩን ጎን ለጎን የመለስኳቸው።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ዝናሽ፣ «ምን ሆንሽ?» አለች። አትሺው ስላሉኝ እንባዬን እንኳ መጥረግ አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 9

ጽሕፈት ቤት ልሄድ ነበር። ዓይኔ ገና ነው ብዬ ተውኩት።

ታኅሣሥ 11

ነፋስ። ዛሬም አልሄድኩም።

ታኅሣሥ 12

ዝናሽ ወደ ደጎሎ ተመለሰች። መኪናው ሲነሳ በመስኮቱ፣ «ከንግዲህ አይታየኝም አትበዪ» አለች። ቀኑን ሙሉ ተናድጄባት ዋልኩ።

ታኅሣሥ 14

ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ደብዳቤውን ራሴ ጻፍኩት። ኅዳር 3 ቀን ለኑርጃን ክኒኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ትህትና በሰዓቱ አልነበረችም፤ ዓይኔ እንደማያይ ይታወቀኝ ነበር። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ሰርዤ ሦስት ጊዜ ጻፍኳት።

ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይሄን ያኔ ለምን አልተናገሩም?»

«ፈርቼ ነው።»

«ልጅቷ እዚሁ ወንበር ላይ ነበረች» አለ።

የትህትና ፈቃድ እንዲመለስ፣ የእኔ እንዲያዝ፣ መደብሩ እንዲታሸግ ወሰነ። ሁለት ሰው ይዞ መጥቶ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ማኅተም መታ። አሕመድኑር ደጁ ላይ ቆሞ ያያል። ይስቃል ብዬ ፊቱን አየሁት። አልሳቀም። ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

ታኅሣሥ 16

ሼህ ጀማሉዲን ቤት። ልጆቹ በረንዳው ላይ ይቀራሉ፤ ስገባ ድምፃቸው ቀነሰ። ኑርጃን መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከስታለች። ከዚህ በፊት ፊቷን በደንብ አይቼው እንደማላውቅ ገባኝ።

«የሰጠሁሽ እኔ ነኝ» አልኳት። «ዓይኔ አያይም ነበር። ማየት እንደማልችል እያወቅሁ ነው የሰጠሁሽ። አፉ በዪኝ።» በነሱ ቤት ይቅርታ የሚጠየቀው በዚህ ቃል ነው ብዬ።

ሼሁ ወደ ሚስታቸው አዩ። ትንፋሿ አሁንም ያፏጫል።

«እኔ አልሞትኩም» አለች። «አላህ አተረፈኝ። ያቺን የሰው ልጅ ግን በደህና ቀን ስሟን ቀበርሽው። በታመምኩ ጊዜ ሆስፒታል ድረስ ወተት ይዛ መጥታ ነበር፤ እኔ አይደለሁም እንኳ አላለችኝም፤ እንዴት ነሽ ብቻ ነው ያለችኝ። መጀመሪያ እሷ አፉ ትበልሽ። ከዚያ ወደኔ ነይ።»

ሼህ ጀማሉዲን እስከ በሩ ሸኙኝ። «ዓይንሽ እንዴት ሆነ?» አሉ።

«ያያል።»

«ደግ» አሉ። በሩን ዘጉት።

ታኅሣሥ 20

ትህትና ከከላላ መጣች። ጽሕፈት ቤቱ ደውሎላት ነው። ዲግሪዋ ግድግዳው ላይ ስለነበር ማኅተሙን አስነስተው አወጡላት። ሰዎቹ መልሰው እስኪያሽጉ ደጅ ቆመን ቀረን፤ እሷ የዲግሪዋን መስታወት በነጠላዋ ትወለውላለች።

የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ተናገርኩ። ፕላስተሮቹን አየኋቸው አልኳት። አፉ በዪኝ አልኳት። ፈቃዴ ሲመለስ መደብሩን አንቺ ያዢው፣ በስምሽ ይሁን፣ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ አልኳት።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ድሮም አታቋርጠኝም ነበር።

«ዓይንዎ ባያይ እኔ ምን ከፋኝ፣ እትዬ» አለች። «አዝኜልዎት ነው ያን ሁሉ ስጽፍ የከረምኩት። ቢሮው ውስጥ ግን 'እትዬ ያውቃሉ' ስል ወደ እኔ ዞረው ነበር። ያን ቀን ዓይንዎ ደህና አድርጎ አይቶኛል።»

«ትህትና...»

«አባቴ ገበያ መውጣት ትቶ ነበር። ልጅህ ሰው ልትገድል ነበር እያሉት። ይሄን እርስዎ በደብዳቤ አያነሱትም።»

ዲግሪዋን ብብቷ ስር አድርጋ መንገዱን ተሻገረች። አሕመድኑር በሩን ከፈተላት። ከሰኞ ጀምሮ እዚያ ትሠራለች አሉ።

እቤቴ ገብቼ ብዙ ክፉ ነገር ጻፍኩ። ገጹን ቀደድኩት። አንዱም ስለ እሷ እውነት አልነበረም።

ታኅሣሥ 30

የዓይኔ ጠብታ አለቀ። ገና ሳምንት ይቀረዋል። የእኔ መደብር ውስጥ ሁለት ካርቶን ሙሉ አለ፤ በማኅተም ተዘግቶ። ደሴ ላስልክ ብዬ አሰብኩ። ዝናሽ ከደጎሎ ትላክልኝ ብዬ አሰብኩ። በኋላ ግን ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁና መንገዱን ተሻገርኩ።

ወረፋ ነበር። ሰዎች አዩኝ፤ አንዷ ቦታ ልትለቅልኝ ፈለገች፣ እምቢ አልኩ። አምስተኛ ሆኜ ቆምኩ። አሕመድኑር ከኋላ ሆኖ ዕቃ ያወርዳል። ተራዬ ደረሰ። ትህትና አዲስ ጋዋን ለብሳለች። ማዘዣዬን ተቀብላ አነበበች።

«ሙሉ ስም?» አለችኝ።

ከኋላዬ ያለው ሰው ሳል ጀመረ። ትህትና እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች፤ ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፣ ሌላም ነገር የለም።

«ድንቅነሽ ይመር» አልኩ።

ጻፈችው። «ዕድሜ?»

«ሃምሳ ስምንት።»

ጠብታውን አወጣች፤ የሚያልቅበትን ቀን አየች፤ ከማዘዣው ጋር አስተያየች፤ ደግማ አስተያየች። «ግራ ዓይን ብቻ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንድ አንድ ጠብታ፣ ለሰባት ቀን። እጅዎን ታጥበው። ብልቃጡ ዓይንዎን እንዳይነካ። ገባዎት?»

ይህን ለሌላ ሰው ስትል መቶ ጊዜ ሰምቻታለሁ።

«ገባኝ» አልኩ።

«ይድገሙልኝ» አለች።

በሰው ሁሉ ፊት፣ አንድም ሳላስቀር፣ ደገምኩላት። ራሷን ነቀነቀችና ብልቃጡን ሰጠችኝ። «ቀጥሎ» አለች። ለሚቀጥለው ሰው መንገድ ለቀቅሁ።